የማይዘል ድምፅ

«አባዬ እንደሆነ ማማሩን አያየው። ዋናው፣ ሲበላሽ እኔ የማውቀው ዕቃ መሆኑ ነው» አለች ሐና።

«መጀመሪያ ነገር ማክ አይበላሽም» አለ ቢኒያም።

«የማይበላሽ ነገር የለም። ያንተ ደግሞ ሲበላሽ አዲስ አበባ ድረስ ነው የሚላከው።»

መምህር ገብረየስ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የግራ እግራቸውን ካልሲ በእጃቸው እንደያዙ ነበር። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ሁለቱ ልጆቻቸው ሳሎን ውስጥ ሆነው፣ ለእሳቸው ስለሚሻለው ኮምፒውተር፣ ቁርስ ሳይቀርብ ጀምረው ይከራከራሉ። ካልሲውን ሳያጠልቁ አዳመጧቸው። ሠላሳ ዓመት ግድም እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የትምህርት ቤቱን የክርክር ክበብ የሚመሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሁለት ሰው ሲሟገት በሰሙ ቁጥር ነጥብ መስጠት ልማድ ሆኖባቸዋል። ቢኒያም፣ ማክ ቫይረስ ብዙም አያስቸግረውም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ቀኑን ይይዛል፣ የሚያነብበት ድምፅ ደግሞ ቁርጥ ሰው ነው አለ። ሐና በበኩሏ፣ ዊንዶውስን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ ቻርጀሩ ቢጠፋ ማዶ ካለው ሱቅ ይገኛል፣ እኔም ቢሮ የምሠራው በሱ ነው አለች። መምህር ገብረየስ በልባቸው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አሏቸው። ለሁለቱም ከአሥር ስምንት ስምንት ሰጧቸው። ሁለት ሁለቱን የቀነሱባቸው፣ ከሳሎን ተነስቶ ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጎ «አባዬ፣ አንተስ?» ያለ ስላልነበረ ነው።

ዓይናቸውን የያዛቸው ግላኮማ ነው። ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው ብሏቸው ነበር፤ ብዙም ቀስ አላለም። አሁን የቀራቸው የመስኮቱ ብርሃንና በብርሃኑ ፊት የሚያልፍ ሰው ጥላ ብቻ ነው። መጽሐፎቻቸው መደርደሪያው ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ። ስማርት ስልካቸው ወደ ባለቤታቸው ወደ ጥሩወርቅ እጅ ገባና ለእሳቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ተገዛላቸው። ማታ ማታ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን ያደርጉና ከስልኩ ላይ ያነቡላቸዋል፤ ዜናውን፣ ዘመድ የላከውን፣ የጡረተኛ መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሰፈረውን። ጥሩ አንባቢ ናቸው። ግን ይዘላሉ። መምህር ገብረየስ ይህን ያወቁት የስንት ክፍል ተማሪ በየተራ እያስነሱ ሲያስነብቡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነው። መስመር ሊዘል ያለ ልጅ፣ ከመዝለሉ በፊት ድምፁ ይቀዘቅዛል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ካለፈው በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ጥሩወርቅም እንዲሁ ናቸው። የሞተ ሰው፣ የታመመ ጓደኛ፣ የተቃጠለ መንደር ሲደርስባቸው ቀዝቀዝ ይሉና ፈጠን ይላሉ። ከክፋት አይደለም፤ ማየት ለተሳነው ባላቸው ሌላ ጨለማ ላለመጨመር ብለው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ «ምን ዘለልሽ?» ብለዋቸው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ማታ ተቀምጦ የሚያነብልህን ሰው፣ አነባበብህ አልጣመኝም ትለዋለህ?

ሰሞኑን ግን መዝለሉ በዝቷል። ታናሽ ወንድማቸው ሰይፈሚካኤል የሚኖረው ደጀን ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውላል። ስልኩን እንዳነሱለት የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሰማሃል?» ባለፈው እሁድ አልደወለም። «ኔትወርክ የለም አሉ» አሉ ጥሩወርቅ። በዚያ በኩል ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ መምህር ገብረየስ ተቀበሉ። ሐሙስ ዕለት ደግመው ሲጠይቁ «ገና አልተለቀቀም አሉ» ተባሉ። ያን ጊዜ የጥሩወርቅ ድምፅ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ጉንፋን ይዟቸው ስለሰነበተ በጉንፋኑ አመካኙት።

ኮምፒውተር ግዙልኝ ብለው አልጠየቁም። ከጥምቀት በኋላ አንድ ማታ፣ እራት ላይ፣ «ራሱ የሚያነብ ነገር አለ ይላሉ» አሉ፤ ይኸው ነው። ትናንት ዓርብ አመሻሽ ላይ ቢኒያም ከአዲስ አበባ ሳይታሰብ መጣ። የሥራ ቀን ነበር። «ለአባዬ ኮምፒውተር ይዤለት ነው የመጣሁት» አለ። ከእሱ መምጣት ጋር ደግሞ ከጎረቤት ወንበር ሲገባ ሰምተዋል፤ ከበር እስከ ጓዳ እየተጎተተ ሲንቋቋ። «የሐና ጓደኞች ሊመጡ ይችላሉ» አሉ ጥሩወርቅ። ሐና ጓደኛ ቤት ጠርታ አታውቅም። መምህር ገብረየስ ግን የሴት ልጅ ጓደኞች ጉዳይ የማያገባቸው መስሏቸው ዝም አሉ።

ቁርስ ላይ ዳቦና እንቁላል ቀረበ። የወትሮው ጨዋታ አልነበረም። ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ይሰማል፤ ውጭ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ምንቃራቸውን ያንቋቃሉ። ከበሉ በኋላ ቢኒያም ጠረጴዛውን ጠረገና ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ማክ ፊታቸው አስቀመጠላቸው። መምህር ገብረየስ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ስስ ነው፤ እንደ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ለስላሳና ቀዝቃዛ። ክዳኑ በአንድ ጣት ተከፈተ። ቢኒያም አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ገጽ ከፈተላቸውና ድምፁን ለቀቀው።

እውነትም ሰው ነበር። ኮማው ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ነጥቡ ላይ ይወርዳል፣ ጥያቄው ላይ ይነሳል። ይህን አነባበብ ለማስተማር ስንት ዓመት ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ጨርሰዋል! አንድ አንቀጽ እስኪያልቅ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ሁለተኛውን አስደገሙት። ፈገግ ማለታቸውን ያወቁት ጥሩወርቅ «ደስ አለው» ሲሉ ነው።

«አየሽ?» አለ ቢኒያም ለእህቱ።

«አማርኛስ?» አሉ መምህር ገብረየስ።

ቢኒያም አንድ የአማርኛ ገጽ ከፈተ። ማኩ ርዕሱ ላይ ዝም አለ። ከርዕሱ ስር ያለውንም ዝም አለ። ከዚያ ከገጹ ግርጌ የነበረች አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር አገኘና በዚያ በሚያምር ድምፁ አነበባት፤ ከላይ ምንም እንዳልነበረ ሁሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ቢኒያም። «የአማርኛ ድምፅ አልጫንኩበትም። የሚጨመርበት መንገድ ሳይኖር አይቀርም። አዲስ አበባ ስመለስ አጣራለሁ።»

«እሱ እስኪያጣራ ፍልሰታ ይገባል» አለች ሐና።

መምህር ገብረየስ ክዳኑን በቀስታ መልሰው ዘጉት። ቅር አላላቸውም፤ ብቻ ያ ዝምታ የሚያውቁት ዝምታ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሦስቱ በባጃጅ ወጡ። ጥሩወርቅ ሥራ አለብኝ ብለው ቀሩ፤ ሲወጡ ግን ስማርት ስልኩን ለሐና ሰጧት፤ የጡረታው ገንዘብ የሚገባው በሱ ስለሆነ ክፍያውም በሞባይል ባንኪንግ እንዲሆን። ባጃጁ ውስጥ መምህር ገብረየስ መሃል ተቀመጡ። ከተማውን በጆሯቸው ነው የሚያዩት። የገብርኤል ደወል በግራ አለፈ፤ የመኪና እጥበት ውሃ ሲፏፏ፣ ከዚያ የባህል አዳራሽ አካባቢ ጫጫታ፣ ከአንድ የሙዚቃ ቤት የሲዳምኛ ዘፈን፣ ከአንዱ ደግሞ መዝሙር። ሾፌሩ ነዳጅ ፍለጋ ሌሊቱን ወረፋ ላይ እንዳደረ እየተረከ ነበር፤ ማንም ባይመልስለትም አላቋረጠም። ሁለቱ ልጆች በግራና በቀኝ ሆነው ጉድጓድ ሲመጣ ክንዳቸውን ይይዛሉ። በየመሃሉ አንዳቸው ሊናገሩ ጀምረው ይተዉታል። መምህር ገብረየስ በኮምፒውተሩ የተኳረፉ መሰላቸው።

ያመሩበት የድሮ ተማሪያቸው የሙንተሃ ሱቅ፣ ቀድሞ የአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበር። ዛሬም ግማሹ ጨርቅ ነው፤ ግማሹ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ። ስለዚህ ሲገቡ የአዲስ አቡጀዴና የሞቀ ቀለም ሽታ አንድ ላይ ተቀበላቸው።

«ቲቸር!» የሚል ጩኸት መጣ። «ወላሂ ዛሬም ሆምወርክ አልሠራሁም!»

«ሙንተሃ» አሉ እየሳቁ። «ድምፅሽ አሁንም ከመጨረሻው ዴስክ ነው የሚመጣው።»

«እዚያ ሆኜ ነው እኮ ንግድ የተማርኩት። ለክፍሉ ሁሉ እስክሪብቶ የምሸጠው እኔ ነበርኩ።» ወንበር ጎተተችላቸው፤ በጨርቅ ስትጠርገው ሰሙ። ከዚያ የቢኒያምን ቦርሳ አየች መሰል «ማክ ነው? ማሻአላህ!» አለች። «ውሸት አልናገርም፣ ቆንጆ ዕቃ ነው። ለቪዲዮ፣ ለዲዛይን አይጠገብም። እኔ ራሴ ብር ባገኝ እሱን ነው የምገዛው።»

«ንገሪያት!» አለ ቢኒያም።

«ቆይ ወንድሜ። የሚጠቀመው ማነው?»

«አባዬ።»

«እንግዲያው ቲቸርን ልጠይቃቸው። ቲቸር፣ ምን እንዲያደርግልዎት ነው የሚፈልጉት?»

ከጠዋት ጀምሮ የጠየቀቻቸው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። መምህር ገብረየስ መልሱን አዘጋጅተው ስላልነበር ትንሽ ዘገዩ። «የሚያነብልኝ ነገር» አሉ። «አማርኛውንም። ደግሞ ማንንም ሳልጠራ፣ ብቻዬን የምከፍተው።»

ሐና ጉሮሮዋን ጠረገች። ቢኒያም ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

ሙንተሃ ከመደርደሪያው አንድ ያገለገለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ አወረደች። ከዱባይ የመጣ ነው፣ ፍጥነቱ ኮር ፋይቭ ነው፣ ባትሪው ሦስት ሰዓት ከያዘ ጎበዝ ነው አለች። ከብዶ ጠረጴዛው ላይ ዷ አለ። ለአንድ ማየት ለተሳናቸው ጠበቃ ጭኜላቸው ነበር ያለችውን የማንበቢያ ፕሮግራም ጫነችበት፤ ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው። «ድምፁ ግን አስቀያሚ ነው፤ እንዳትስቁብኝ» አለች።

ሳቁ። ድምፁ ስድስት ወር አማርኛ ተምሮ ቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚናገር ፈረንጅ ይመስላል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም። ቃሉን ከቃሉ ጋር ያጋጨዋል። ቢኒያም «አባዬ፣ ይሄ እኮ ያሳምምሃል!» አለ፤ መምህር ገብረየስም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቆይ፣ ይቀጥል» አሉ ግን። ቀጠለ። ርዕሱን አነበበ፤ ቀኑን አነበበ፤ የጸሐፊውን ስም፣ የስሚንቶ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያው ስር ያለውን ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ አነበበ። አንድ መኪና ተገልብጦ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር አነበበ፤ ድምፁ አልቀዘቀዘም፣ ካለፈውም በኋላ አልፈጠነም። መምህር ገብረየስ ሳቃቸው እየከሰመ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

ከጎን ካለው ሱቅ የሚመጣው ዘፈን ስላስቸገረ ሙንተሃ የጆሮ ማዳመጫ ሰካችላቸው። ጣታቸውን ወስዳ ወደ ታች የሚያወርደውን ቁልፍ አሳየቻቸው፤ አንዴ ሲጫኑት አንድ መስመር። ቁልፎቹን ከድሮው የጽሕፈት መኪና አያያዝ ያውቋቸዋል፤ ጣቶቻቸው የየራሳቸውን ቦታ አላጡም። «ሌላ ምን ልክፈትልዎት?» ስትላቸው «ቴሌግራም» አሉ።

ቴሌግራሙ በስልክ ቁጥራቸው ነው የሚከፈተው፤ ለማረጋገጫ የሚላከው ቁጥር ደግሞ በሐና እጅ ባለው ስልክ ይገባል። ሐና ስልኩን አውጥታ ቁጥሩን ለሙንተሃ አነበበችላት። ልቧ ክርክሩ ላይ ነበር፤ ቢኒያም ከመግዛታችን በፊት ሌላ ላፕቶፕ ካለ እንይ ይላታል፣ እሷ ደግሞ አንተ መሸነፍ አትወድም ትለዋለች። እየተነታረኩ ጎን ወዳለው ጁስ ቤት ወጡ። ሙንተሃ የጡረተኛ መምህራኑን ግሩፕ ከፈተችላቸውና ፎቶ ኮፒ ፈልጎ ወደገባ ደንበኛ ሄደች።

መምህር ገብረየስ ብቻቸውን ሆኑ። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነው አያውቁም፤ እሳቸውና ጽሑፉ ብቻ፣ መሃል ላይ ማንም ሳይኖር። ቁልፉን ተጫኑ። አንዱ የጡረታ ጭማሪ ሊኖር ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ጽፏል። ሌላው መነጽሩን የት እንደጣለ ይጠይቃል፤ ስድስት ሰው ቀልዶበታል። አንዷ መምህርት ቱላ ያለው ቤቷ ጓሮ አቮካዶ ደርሷል፣ መጥታችሁ ውሰዱ ብላለች። መምህር ገብረየስ እያንዳንዱን በስሙ፣ በድምፁ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይቀመጥበት በነበረው ጥግ አስታወሱት። ደስ አላቸው። እንደገና ተጫኑ፤ የግሩፑ አስተባባሪ የበርናባስ ጽሑፍ መጣ። ከበርናባስ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምረዋል።

«ማስታወሻ» አለ የቆርቆሮው ድምፅ። «የመምህር ገብረየስ ታናሽ ወንድም አቶ ሰይፈሚካኤል ባለፈው ሳምንት ደጀን ላይ አርፈው ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ወንድማችን ገና አልሰማም። ከጥሩወርቅ ጋር እንደተነጋገርነው መርዶው እሁድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ባህል አዳራሽ በር ላይ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን። እስከዚያው ማንም እንዳይደውልለት።»

ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነበርና ሳያስቡት ተጫነው። ድምፁም ቀጠለ። «በርናባስ፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ገብረየስ የለም እንዴ?» የሚል ሰው ነበረ።

ከሥሩ የበርናባስ መልስ። «አለ፤ ግን አያነብም።»

ፎቶ ኮፒው ይጮሃል። አንድ ወረቀት፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ወረቀት። መምህር ገብረየስ እጃቸውን ከቁልፉ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በር ተንኳኩቶ፣ ከመነገሩ በፊት ግራ ቀኝ የሚይዙ ክንዶች ተዘጋጅተው ነው። እሳቸው ራሳቸው ስንት ቤት እንዲህ አንኳኩተዋል። አሁን ግን ከአቡጀዴ ጥቅል ጎን፣ ሽቦ ጆሯቸው ውስጥ እንደተሰካ፣ ሰይፉ ሞቷል። ጩኸት ወደ ጉሮሯቸው መጣና እዚያው ቆመ። ሱቁ የሰው ሱቅ ነው። ማዳመጫውን አወለቁ።

«ውሃ አለሽ ልጄ?»

ሙንተሃ የላስቲክ ውሃ ከፍታ እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። «ቲቸር፣ አልተስማማዎትም?»

«ተስማምቶኛል።»

«ድምፁ ከሆነ፣ ሌላ የሚሻል እፈልግልዎታለሁ።»

«አይ። እንዳለ ይሁን» አሉ። «ምንም አልዘለለም።»

ልጆቹ የአቮካዶ ጁስ ይዘውላቸው ሲመለሱ ነገሩ አልቆ ነበር። ሐና የማሸነፍ ደስታዋን ልትደብቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። የቢኒያም ቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። መምህር ገብረየስ እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን አገኙት። «ያንተ እንግሊዝኛ ሲያነብ ከኔም ይሻላል» አሉት። «ለራስህ ያዘው፣ ደህና ዕቃ ነው። እኔ ግን ዘመድ በእንግሊዝኛ አይጽፍልኝም።» ቢኒያም «እሺ አባዬ» ብሎ ጫማው ወለሉን ሲፍቅ ተሰማቸው። ሐና በስልኩ ከፈለች። ሙንተሃ ቦርሳውን በነፃ ጨመረችላቸውና የእንግሊዝኛውን ቁልፍ በድምፁ እየተጫኑ የአማርኛ ፊደል እንዴት እንደሚወጣ አሳየቻቸው። ከጁሱ ሁለት ጊዜ ተጎነጩ፤ የቀረውን ለባጃጅ ሾፌሩ ሰጡት።

ምሳ ላይ ምስር ወጥ ነበር። ማንም ከልቡ አልበላም፤ አሁን ግን ምክንያቱን አውቀዋል። ለሁሉም ነገር ምክንያት ተገኘለት፤ ለወንበሮቹ፣ ለቢኒያም መምጣት፣ የሐዘን ልብስ ሲተኮስ ከጓዳ ለሚመጣው የካውያ ሽታ፣ ለጥሩወርቅ ጉንፋን። እዚያው ማዕድ ላይ ሊናገሩት ይችሉ ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጥሩወርቅ «ትንሽ ጨምር እንጂ፣ ምንም አልቀመስክ» አሉና ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው አጎረሷቸው። መምህር ገብረየስ ጉርሻውን እያኘኩ አሰቡ። ይህች ሴት ሰይፉን ከልጅነቱ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየመጣ እዚህ ቤት ነበር የሚከርመው፤ የተበላሸ ካውያዋን የሚጠግንላት እሱ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በገዛ ቤቷ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችለትም። ማታ ማታም ተቀምጣ ዜና ስታነብላቸው ሰንብታለች። ለነገ ደግሞ ሰው ጠርታለች፣ ወንበር ለምናለች። አሁን ቢናገሩ «ማን ነገረው?» እየተባለ ቤቱ ይተራመሳል። አልተናገሩም። መርዶውን ነገ እንደ ደንቡ ሊቀበሉት ቆረጡ።

ያቺን «አለ፤ ግን አያነብም» ግን መዋጥ አልቻሉም። ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉና ጋደም ብለው ቆይተው ተነሱ። መሞቱን ለነገ ያቆዩታል፤ ነገ የሰው ሁሉ ነው። ይህኛው የራሳቸው ነው። በርናባስ ክፉ ሰው አይደለም። የጻፈው እውነት ነበር፤ እስከ ትናንት ድረስ።

ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። ማዳመጫውን አጠለቁ። ሙንተሃ እንዳሳየቻቸው ጣታቸውን በሁለቱ ጉብታ ያላቸው ቁልፎች ላይ አሳርፈው ጀመሩ። አንዱን ፊደል ሲጫኑ የቆርቆሮው ድምፅ በጆሯቸው ይጠራዋል፤ ሲሳሳቱ ይነግራቸዋል፤ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ያቺን አጭር መልእክት እስኪጨርሱ የመስኮቱ ብርሃን ደበዘዘ። ሳሎን ውስጥ ቢኒያምና ሐና ወንበሮቹን በሹክሹክታ ይደረድራሉ፤ ሹክሹክታ ከንግግር ይልቅ እንደሚሰማ አያውቁም። የጻፉትን ሁለቴ አስነበቡት። ከዚያ ላኩት።

እራት ሳይቀርብ፣ አመሻሹ ላይ፣ ጥሩወርቅ እንደወትሯቸው መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የመነጽራቸው ቤት ጧ ብሎ ተከፈተ። «ዛሬም ላንብብልህ፣ ወይስ ማሽንህ ይበቃሃል?» አሉ፤ ሊቀልዱ ሞክረው ነው።

«አንቺ አንብቢልኝ» አሉ መምህር ገብረየስ። «የመምህራኑን ግሩፕ።»

«እሱን ለነገ እናቆየው፤ ዜናውን ልጀምርልህ።»

«የመጨረሻዋን ብቻ።»

ጥሩወርቅ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ የስልኩ መስታወት በጣታቸው ሲነካ ተሰማ። «በርና...» ብለው ጀመሩና ድምፃቸው ቀዘቀዘ። ምራቃቸውን ሲውጡ ሰሙ። መምህር ገብረየስ የሚያውቁትን ቀጣዩን ነገር ጠበቁ፤ አሁን ይፈጥናሉ፣ አሁን ሌላ መስመር ላይ ያርፋሉ። ሳሎን ውስጥ ወንበር የሚጎትተው እጅ እንኳ የቆመ መሰለ።

አልፈጠኑም።

«በርናባስ» አሉ ጥሩወርቅ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። «አለሁ፤ አነባለሁም። ነገ ማለዳ እጠብቃችኋለሁ። ገብረየስ።»

ስልኩን ዝቅ አላደረጉትም። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ መምህር ገብረየስ እጃቸውን በአልጋ ልብሱ ላይ እየዳበሱ ሄደው የባለቤታቸውን እጅ አገኙት። ያ ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ የዋለው ነገር ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ረዘም ላለ ጊዜ አለቀሱ። ከበሩ ውጭ ሐና «እማዬ?» ብላ ተጣራች፤ ማንም ስላልመለሰላት ገፋ አድርጋ ገባች፤ ቢኒያምም ከኋላዋ። አንድ ቃል ሳይናገሩ የአባታቸው እግር ሥር ተቀመጡ።

ቆይቶ፣ መምህር ገብረየስ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ሌላ የጻፈ አለ?»

ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። «በርናባስ እየጻፈ ነው ይላል» አሉ። «አሁን አቆመ።»

«እሺ።»

«እንደገና እየጻፈ ነው።»

ጠበቁ። ውጭ አባ ኮዳዎቹ ለማደር ዛፉ ላይ ሲሰባሰቡ ክንፋቸው ይሰማል።

«አቆመ» አሉ ጥሩወርቅ። «እንደገና ጀመረ።»

«አይዞሽ፣ አትቸኩዪ» አሉ መምህር ገብረየስ። «የሚጽፈውን ሁሉ ታነቢልኛለሽ።»